እራት በተመደበ ሰዓት ወይስ በፈለግነው ሰዓት? ለመጀመሪያ ክሩዛችን መወሰን አቃተኝ

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ። ክሩዝ (በትልቅ መርከብ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞ) ወጥተን አናውቅም፣ ካቢኑን ይዘን ከፍለን ጨርሰናል፣ አሁን የቀረው የእራት ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው። ፎርሙ ላይ ሶስት ምርጫ አለ፣ የመጀመሪያ ዙር 12 ሰዓት፣ ሁለተኛ ዙር 2:30፣ ወይ ደግሞ በፈለጋችሁት ሰዓት የሚል (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የፃፍኩት፣ ፎርሙ ላይ 18:00 እና 20:30 ነው የሚለው)። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር ግን ቤት ውስጥ ወሬው ከተነሳ ጀምሮ ሁሉም የየራሱን ነው የሚለኝ።

ስምንት ሰው ነን። እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን 5 እና 9 ዓመት፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው ስኳር አለባት ጉልበቷንም ያማታል፣ ወንድሜ ከነሚስቱና ከ15 ዓመት ልጁ ጋር። መንገዱ ሰባት ሌሊት ነው፣ ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይ፣ ጄኖዋ፣ ቺቪታቬኪያ (የሮም ወደብ ነው)፣ ናፖሊ፣ ፓሌርሞ፣ ከዛ አንድ ቀን ሙሉ ባህር ላይ ሆነን ባርሴሎና እንመለሳለን።

ባለቤቴ ከማያውቀው ሰው ጋር ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ጭራሽ አይፈልግም። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ልዋልበት፣ እራት ማታ ይሁን ይላል። እናቴ "እኔ የትም ሰዓት እበላለሁ ስለኔ አታስቡ" ነው የምትለው፣ ግን መድኃኒቷ በሰዓት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሄዳችሁ የምታውቁ እባካችሁ የደረሰባችሁን ንገሩኝ፣ ምርጫው በዚህ ሳምንት ካልገባ ራሳቸው ይመድቡናል ተብለናል።

መልህቅ፦
ሰላም ልጄ። 11 ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ሶስቱንም ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርሽ፣ እሱ ከገባሽ ግማሹ ይቀልልሻል። የመርከቡ ዋና ሬስቶራንት ተሳፋሪውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ ህዝቡን ለሁለት ከፍለው ግማሹ 12 ሰዓት ግማሹ 2:30 አካባቢ ይበላል። የተመደበ ሰዓት ከወሰድሽ ጠረጴዛሽ ያው ነው፣ አስተናጋጅሽ ያው ነው፣ አብሮሽ የሚቀመጠውም ሰው ያው ነው፣ እስከ መጨረሻው ቀን። በፈለግሽው ሰዓት የሚባለው ደግሞ ልክ ከተማ ውስጥ ያለ ሬስቶራንት እንደመግባት ነው፣ በሩ ላይ ስምሽን ትናገሪያለሽ፣ ቦታ ካለ ትገቢያለሽ ከሌለ ትጠብቂያለሽ።

አሁን መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር አምጪልኝ፣ መርከቡ ከእያንዳንዱ ወደብ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? ሰው ሁሉ "እኔ ስንት ሰዓት ነው የሚርበኝ" ብሎ ይመርጣል፣ እኔ ግን በየወደቡ መነሻ ሰዓት ነው የምመርጠው።

ፀጥታ_ወዳድ፦
እህቴ አታስቢ በፈለግሽው ሰዓት የሚለውን ውሰጂና እረፊ። እረፍት ወጥቼ ሰዓት እያየሁ መሮጥ ካለብኝ ስራ ብሄድ ይሻለኛል። እኛ አምስት ጊዜ ወጥተናል ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም እንደዛ ነው የሄድነው። አንዳንድ መርከብ ላይ እንደውም ሌላ ምርጫ የለም፣ ኖርዌጂያን የሚባለው የመርከብ ድርጅት ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ፍሪስታይል ብለው የተመደበ ሰዓት የሚባለውን ትተውታል። ኦሺያኒያና ቫይኪንግም በፈለግሽው ሰዓት ነው። ቨርጂን ቮያጅስ ደግሞ ጭራሽ ዋና ሬስቶራንት የሚባል ትልቅ አዳራሽ የለውም፣ ትንንሽ ሬስቶራንቶች ናቸው፣ እሱ ግን ልጅ አያስገባም አንቺን አይመለከትም። ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫል፣ ሴሌብሪቲ ሁለቱም አላቸው ስሙን ነው እያንዳንዳቸው የሚቀያይሩት።

ሰልፉን የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ከ12:30 እስከ 1:30 ባለው ሰዓት ከሄድሽ እውነት ነው ትጠብቂያለሽ፣ ሁሉም ሰው የሚርበው ያኔ ነው። በሩ ሲከፈት ወይ ከ2 ሰዓት በኋላ ከሄድሽ ግን እኔ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆሜ አላውቅም። ካርኒቫል ላይ ደግሞ ስልክሽ ላይ ባለው አፕ ትመዘገቢያለሽ፣ ጠረጴዛው ሲደርስ ይጠራሻል፣ እስከዛ የትም መቀመጥ ትችያለሽ።

ሁለተኛ_ዙር፦
ስሜ ላይ እንዳለው እኔ የ2:30 ሰው ነኝ 😊 የተመደበ ሰዓት ሰው ዝም ብሎ ነው የሚፈራው። እኔና ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን አስተናጋጃችን በስማችን ነው የጠራን፣ በሶስተኛው ቀን ባለቤቴ በረዶ ያለው ውሃ እንደማይጠጣ ስለሚያውቅ ሳንጠይቀው ያለ በረዶ አስቀምጦ ጠበቀን። ይሄ ትንሽ ነገር ነው ግን ቤቴ ያለሁ ያህል ነው የተሰማኝ፣ በየቀኑ ለአዲስ ሰው ከዜሮ ማስረዳት እኮ ያደክማል።

ሌላው ደግሞ 2:30 ላይ የሚያቻኩልሽ የለም። የ12 ሰዓቶቹ ከኋላቸው ሌላ ህዝብ ስለሚመጣ ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ነው የሚነሳው። ከኛ በኋላ ማንም የለም፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ሾውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሁለቴ ስለሚታይ የሁለተኛ ዙር ሰዎች ቀድመን አይተን ነው ወደ እራት የምንሄደው፣ የመጀመሪያ ዙሮቹ በልተው ኋለኛውን ያያሉ።

ጠረጴዛ የሚጋሩሽን ሰዎች ካልወደድሻቸው ደግሞ ለዋናው አስተናጋጅ (የሬስቶራንቱ ኃላፊ ነው) ቀስ ብለሽ ትነግሪዋለሽ ይቀይርልሻል። እኔ አንዴ ቀይሬያለሁ ማንም አልተቀየመም።

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ መልህቅ ሰዓቱን አመጣሁልዎት። ማርሴይ 12 ሰዓት ይነሳል፣ ጄኖዋ 12 ሰዓት፣ ቺቪታቬኪያ 1 ሰዓት፣ ናፖሊ 1:30፣ ፓሌርሞ 11 ሰዓት። ሮም በራሳችን በባቡር ነው መሄድ የምንፈልገው፣ ናፖሊ ደግሞ ፖምፔይ የሚባለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ለማየት አስበናል።

መልህቅ፦
ጎበዝ። አሁን አብረን እንየው። ይሄ የሰጠሽኝ ሰዓት መርከቡ የሚነቀልበት ነው እንጂ አንቺ መግባት ያለብሽ አይደለም። ሰው ሁሉ መሳፈር ያለበት ብዙ ጊዜ ከዛ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው፣ በራሳችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ዘግይታችሁ ብትመጡ መርከቡ አይጠብቃችሁም፣ እሱን በደንብ ያዙ።

ማርሴይ፣ ጄኖዋና ፓሌርሞ ችግር የለባቸውም፣ 12 ሰዓት ላይ መርከብ ውስጥ ናችሁ። የሮሙ ቀን ግን ሌላ ነው። ከሮም ቺቪታቬኪያ በባቡር አንድ ሰዓት ምናምን ነው፣ ከጣቢያው ወደ መርከቡ ደግሞ አውቶብስ አለ፣ ከዛ የደህንነት ፍተሻው። 11:30 ላይ መርከብ ደረሳችሁ እንበል፣ ልጆቹ አቧራ ናቸው፣ እናትሽ ጉልበታቸውን ማሳረፍ አለባቸው፣ ታዲያ ማነው 12 ሰዓት ላይ ለብሶ ተጣጥቦ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው? የናፖሊው ቀንም እንደዛው ነው፣ ፖምፔይ ራሱ ሩቅ አይደለም በባቡር 40 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን ቦታው ሰፊ ነው፣ መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ሰው ደክሞ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር በጣም የምትፈልጉትን ሁለት ቀን ያበላሽባችኋል።

2:30 ደግሞ ለወንድምሽ ጥሩ ነው ለ5 ዓመቱ ልጅ ግን አይሆንም፣ እራቱ ሲያልቅ እኮ 4 ሰዓት ተኩል ሊሆን ይችላል።

መንገዱ ሌላ ቢሆን ምክሬም ይለያል። ሳንቶሪኒ (የግሪክ ደሴት ናት) ቢሆን ለምሳሌ መርከቡ ከወደብ አይጠጋም በትንሽ ጀልባ ነው የምትወርጂው፣ ማታ ለመመለስ ከላይኛው ከተማ የሚያወርደው ኬብል ካር ላይ ያለው ሰልፍ ብቻ ሰዓትሽን ይበላዋል፣ በሰኔ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 2:30 ስለሆነ ሁለተኛው ዙር ያንን ሰው ሁሉ የሚሄድለትን ሰማይ ያስመልጥሻል። አላስካ ብትሄጂ ጁኖ ላይ በሰኔ እስከ 4 ሰዓት ማታ ብርሃን ነው፣ እዛ እኔ 12 ሰዓት በልቼ ደርቡ ላይ ወጥቼ ነው ዓሣ ነባሪ የምጠብቀው።

እናትና_ልጅ፦
ስለ ልጆቹ ልጨምር፣ ሶስት ልጆች አሉኝ። መጀመሪያ የወጣን ጊዜ ሁለተኛውን ዙር ሰጡን፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነበር፣ ሁለተኛው ምሽት ላይ ምግቡ ሳይመጣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ሶስተኛው ምሽት አለቀሰች፣ ከዛ በኋላ ባለቤቴ ወይ እኔ ተራ በተራ ካቢን ቀረን። ሳምንቱን ሙሉ ባልና ሚስት አንድ ላይ እራት አልበላንም ማለት ነው፣ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ለማንም ልጅ ላለው ሰው 2:30 አልመክርም።

ግን መርከቡ ለልጆች የሚያደርገው ነገር ካለ ይለያል፣ ጠይቂ። የዲዝኒ መርከብ ላይ በሁለተኛው ዙር የልጆቹን ምግብ ቀድመው ያመጡና ሲጨርሱ የልጆች ክበብ ሰራተኞች ከሬስቶራንቱ መጥተው ይወስዷቸዋል፣ ወላጅ ቁጭ ብሎ ይበላል። ዲዝኒ እንደውም ሌላው የሚለየው በየቀኑ ሬስቶራንቱ ይቀየራል አስተናጋጆቹ ግን አብረውሽ ነው የሚዞሩት፣ ልጆቼ አስተናጋጁን ጓደኛቸው አድርገውት ነበር።

ሁሌ ደግሞ ቡፌው አለ። ትንሹን 11:30 ላይ ቡፌ አብልተሽው ልጆች ክበብ ብታደርጊው ነውር የለውም።

ቀስተ_ደመና፦
ስለ እናትሽ ነው የምፅፈው ምክንያቱም እኔም ስኳር አለብኝ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ማንም እዚህ ያላነሳው ነገር አለ። በፈለግሽው ሰዓት የሚባለው ለኛ ዓይነት ሰው አደጋው የመብላቱ ሰዓት አይደለም፣ የመጠበቁ ነው። አንዴ ሬስቶራንቱ በር ላይ 15 ደቂቃ ብለውኝ መድኃኒቴን ወሰድኩ፣ 15ቱ 50 ደቂቃ ሆነ፣ ላብ አጥለቀለቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ባለቤቴ ሮጣ ከቡፌው ጣፋጭ ነገር ባታመጣልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ከዛ ወዲህ ሶስት ነገር አጥብቄ ይዣለሁ፣ መርፌውን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩና ምግቡን ካየሁ በኋላ ነው የምወጋው (የሚወስዱት መድኃኒት ስለሚለያይ የእናትሽን ሐኪም ጠይቁ)፣ ኪሴ ውስጥ ሁሌ የሚበላ ነገር አለ፣ ሶስተኛ ደግሞ በር ላይ ስጠራ ስኳር እንዳለብኝ በግልፅ እናገራለሁ፣ አፍሬ አላውቅም።

የተመደበ ሰዓት በዚህ በኩል በጣም ይሻላል እውነቱን ለመናገር። አንድ አስተናጋጅ ስለሆነ ችግርሽን አንዴ ነው የምትነግሪው። እኔ ዋናው አስተናጋጅ በየማታው የነገውን ሜኑ ያመጣልኝና መርጬ እሰጠዋለሁ፣ ሲመጣ ለኔ በሚሆን መልኩ ተሰርቶ ነው። አለርጂ ያለባቸውም እንደዛ ነው የሚያደርጉት። እናትሽ "ስለኔ አታስቡ" ያሉት እናት ስለሆኑ ነው፣ አንቺ ግን አስቢላቸው።

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
@ቀስተ_ደመና ይሄንን አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰማችኝና "በር ላይ መቆሙን ነበር የፈራሁት" አለችኝ። ለካ ጉልበቷም ስለሚያማት ሰልፉ ያሳስባት ነበር፣ ሳትነግረኝ ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ።

ሰማያዊ_ሸራ፦
ሰላም፣ እኔ አራት ዓመት መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ይቅር። ከውስጥ ሆኖ የሚታየውን ልንገራችሁ።

እኔና ረዳቴ በየዙሩ 22 ሰው ነበር የምንይዘው። የመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ሁለተኛው እስኪገባ ያለን ሰዓት ትንሽ ነው፣ ጨርቁ ይቀየራል፣ ብርጭቆው ይደረደራል፣ ሹካና ቢላው እንደገና። ለዛ ነው የመጀመሪያ ዙር ላይ ቶሎ ቶሎ የምናነሳው፣ እንግዳ ጠልተን አይደለም። በፈለጉት ሰዓት በሚገቡበት ክፍል ደግሞ ስራው ሌላ ነው፣ አንዱ ጠረጴዛ ሾርባ ላይ ነው፣ አንዱ ጣፋጭ ላይ ነው፣ አንዱ አሁን ነው የተቀመጠው፣ ወጥ ቤት ገብቶ መውጣቱ ይበዛል። ስለዚህ እዛ ምግብ ትንሽ ቢዘገይ ምክንያቱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እህቴ ዋናው ጥያቄሽ ሰዓቱ አይደለም፣ ስምንት ሰው መሆናችሁ ነው። በፈለጉት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሁለትና የአራት ሰው ጠረጴዛ ይዞራል፣ የስምንት ሰው ጠረጴዛ ግን ጥቂት ነው፣ 1 ሰዓት ላይ ዝም ብላችሁ ብትመጡ ወይ ረጅም ትጠብቃላችሁ ወይ አራት አራት ሆናችሁ ትለያያላችሁ። የተመደበ ሰዓት ላይ ግን የስምንት ጠረጴዛ ከተሰጣችሁ የናንተ ነው፣ ባለቤትሽ የፈራው የማያውቀው ሰው የሚቀመጥበት ወንበር የለም።

ሁለተኛ፣ ካቢኖቹን በስንት ቡኪንግ (የምዝገባ ቁጥር) ነው የያዛችሁት? የወንድምሽ ቁጥርና ያንቺ ቁጥር የተለያየ ከሆነ ደውላችሁ አስተሳስሩት። ይሄንን ሳያደርጉ መጥተው እናት አንድ ክፍል ልጅ ሌላ ክፍል የተመደቡ ቤተሰብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለሽ። ምርጫችሁም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ እሱ ሁለተኛ ዙር አንቺ በፈለግሽው ሰዓት ካላችሁ ብዙ መርከብ ላይ ክፍሉ ራሱ የተለያየ ነው፣ አንዱ ታች አንዱ ላይ ፎቅ።

ሶስተኛ፣ የተሰጣችሁ ካልተስማማችሁ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዋናው አስተናጋጅ አንድ ቦታ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፣ ቦታውና ሰዓቱ አፑ ላይ ወይ ካቢን ውስጥ በሚቀመጠው የቀኑ ፕሮግራም ላይ ይፃፋል። እዛ ሄዳችሁ ንገሩት። በዛ ቀን የሚቀየረው ነገር ብዙ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ግን ሁሉም ሰው ቦታውን ይዞ ያልቃል።

ፀጥታ_ወዳድ፦
@ሰማያዊ_ሸራ ስለ ስምንት ሰው ያልከው ልክ ነህ አላሰብኩትም ነበር፣ እኛ ሁለት ስለሆንን ነው። ግን እኮ መሃል መንገድ አለ። አንዳንዱ መርከብ ላይ በፈለጉት ሰዓት የሚለውን ወስደሽ በየቀኑ ለተመሳሳይ ሰዓት ሪዘርቭ ማድረግ ይቻላል፣ 12:45 ወይ 1 ሰዓት እንበል። ያኔ 12ም አይደለም 2:30ም አይደለም፣ የራስሽ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ካልተመቸሽ ደግሞ ያንን ቀን ብቻ ትቀይሪያለሽ። አስተናጋጁን ከወደዳችሁት ነገም ያንን ክፍል ስጡን ማለት ትችላላችሁ።

ሰማያዊ_ሸራ፦
ይቻላል፣ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ሪዘርቭ ያደረገ ሰው ለብቻው መስመር ስላለው በር ላይ ብዙ አይቆምም። ግን ቦታው ቶሎ ያልቃልና ሲስተሙ የከፈተ ቀን ግቢ። ስምንት ሰው አልቀበልም ካለሽ አራት አራት አድርጋችሁ ያዙና መርከብ ላይ እንደወጣችሁ ዋናውን አስተናጋጅ አገናኝልን በሉት።

ብቸኛ_ተጓዥ፦
እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ለኔ ዓይነት ሰው የተመደበ ሰዓት ባይኖር ክሩዝ አልሄድም ነበር። ኩዊን ሜሪ 2 የሚባለው መርከብ ላይ ከሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ ሰባት ሌሊት ሄጃለሁ፣ መሃል ላይ ምንም ወደብ የለም ውሃ ብቻ ነው፣ የስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ፣ መጀመሪያ ቀን ሁላችንም ዝም ብለን ነበር ሶስተኛው ቀን ላይ ግን አንድ ሰው ሲዘገይ "ምን ሆነ" ብለን የምንጨነቅ ሆነን ነበር። ወደ ምዕራብ ስትሄጂ ደግሞ ብዙ ሌሊት ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ሁለተኛው ዙር ላይ ብትሆኚም እንቅልፍሽ አይነካም። ወደ ምሥራቅ ሲሆን ግን ሰዓቱን ወደፊት ስለሚገፉት እራት ሲደርስ ሆድሽ ገና ነው ይልሻል፣ ለዛኛው ሁለተኛው ዙር ይሻላል።

የተመደበ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ምሽት ሌላ ቦታ የምትበሉ ከሆነ ግን እባካችሁ ለአስተናጋጁ ወይ ለጠረጴዛ ጓደኞቻችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። የቀረ ሰው ሲጠበቅ የሌሎቹም ምግብ ይዘገያል።

አዲስ_ነኝ፦
ጥያቄ አለኝ፣ በፈለጉት ሰዓት ከሆነና አስተናጋጁ በየቀኑ ከተቀየረ ቲፑ ለማን ነው የሚሰጠው? አንዱን ብቻ ሰጥቼ ሌላውን እንዳልበድል ብዬ ነው።

ሰማያዊ_ሸራ፦
ድሮ መጨረሻ ቀን ፖስታ ውስጥ እየተደረገ ነበር የሚሰጠው፣ አሁን አብዛኞቹ መርከቦች ላይ በቀን ሂሳብ ይያዝና ወይ ቀድመሽ ትከፍያለሽ ወይ ካቢንሽ ሂሳብ ላይ ይደመራል፣ ለሰራተኛው ይከፋፈላል። ከዛ በላይ ደስ ያለሽን ሰው በእጁ መስጠት ትችያለሽ። ከብር ሌላ ደግሞ በስማችን የሚፃፍ አስተያየት አለ፣ እሱ ለእድገት ይቆጠርልናል፣ እኔ ረዳት ሆኜ ጀምሬ በአንድ ዓመት አስተናጋጅ ለመሆን የበቃሁት እንግዶች ስሜን ስለፃፉ ነው። እባካችሁ ሁለት መስመር ፃፉ።

ሁለተኛ_ዙር፦
አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም እኛን አስመልጦናል። የስልካችሁ ሰዓት! መርከቡ የራሱ ሰዓት አለው፣ ወደብ ስትጠጉ ስልኩ የአገሩን ኔትወርክ ይይዝና ራሱ ይቀየራል። አንድ ጊዜ እኛ በስልካችን 2:30 ብለን ተጣጥበን ስንወርድ መርከቡ ላይ 3:30 ነበር፣ በሩ ተዘግቷል፣ እንግዶቹ ጣፋጭ ላይ ናቸው። ቡፌ በላን። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጉትና ሰዓቱን በእጅ ሙሉት፣ ወይ ካቢን ያለውን ቲቪ እዩ።

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
ወሰንን! ሁላችሁም ባትኖሩ አሁንም እንጨቃጨቅ ነበር። ወንድሜ ጋ ደውዬ ሁለቱን ቡኪንግ አስተሳስረናል (ለካ አልተሳሰረም ነበር፣ እሱን ሁለተኛ ዙር አድርገውታል!!)። በፈለግነው ሰዓት የሚለውን ወስደን በየቀኑ 12:45 ሪዘርቭ አደረግን፣ ሲስተሙ ስምንት ሰው አልቀበልም ብሎኝ አራት አራት ነው የያዝኩት። ስንመለስ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
ተመልሰናል! ቃሌን ልጠብቅ፣ ምናልባት ከኋላ የሚመጣ ሰው ይጠቀምበታል።

የመጀመሪያው ቀን እንደገባን ሻንጣችን ካቢን ሳይደርስ ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ቀረ እኔ ቀጥታ ዋናው አስተናጋጅ ጋ ሄድኩ። ከኔ በፊት ስድስት ሰው ብቻ ነበር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳልፍ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ደርሶ ነበር። አራት አራት ሆነን እንደያዝን፣ እናቴ ስኳር እንዳለባት፣ ብዙ መቆምም መራመድም እንደማትችል ነገርኩት። ምንም ሳያስቸግረኝ በር አጠገብ ያለ የስምንት ሰው ክብ ጠረጴዛ ሰጠን፣ በየቀኑ 12:45 ያንኑ። ስለዚህ በፈለግነው ሰዓት ብለን ገብተን የተመደበ ጠረጴዛና የተመደበ አስተናጋጅ አገኘን ማለት ነው።

የሮሙ ቀን ጋሽ መልህቅ እንዳሉት ነው የሆነው። የያዝነው ባቡር ዘገየ፣ መርከብ ስንገባ 12 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው፣ ልቤ አፌ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ቢሆን አልቆልን ነበር። ካቢን ውስጥ ካለው ስልክ ደውዬ ለ1:30 ቀይሩልን አልኩ፣ እሺ አሉ፣ የሌላ ሰው ጠረጴዛ ነበር የሰጡን ግን ሁላችንም አንድ ላይ ነን። እናቴ የቋጠርኩላትን ቀድማ ቀምሳ ስለነበር ምንም አልሆነችም።

ያልተሳካውም ይነገር። ባህር ላይ የዋልንበት ቀን መልበስ ያለበት ምሽት ነበር (ሱፍና ቀሚስ ምናምን)፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ባንድ ሰዓት ነው የመጣው፣ ሪዘርቭ አድርገንም 25 ደቂቃ ቆመናል። ወንበር ለእናቴ እኔ ነኝ ጠይቄ ያስመጣሁት፣ ቀድመው ሊያዩዋት ይገባ ነበር። ትንሹ ልጄም ሁለት ምሽት ጣፋጭ ሳይደርስ ተኝቷል፣ 12:45 ራሱ ከከተማ ለተመለሰ የ5 ዓመት ልጅ ከባድ ነው፣ ከዛ በኋላ ቡፌ ቀድሜ እያበላሁት መጣሁ።

ባለቤቴ ግን... አምስተኛው ቀን ላይ አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበሩ፣ በየማታው ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር፣ እሱ ራሱ ነው ተነስቶ ወንበራቸውን ያስጠጋው። መጨረሻ ቀን ስልክ ተለዋውጠው ነው የተለያዩት።

ቀስተ_ደመና፦
እናትሽ በሰላም በመመለሳቸው ደስ ብሎኛል። የወንበሩ ነገር ግን አናዶኛል፣ አስተያየት መስጫው ላይ ፃፊው።

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
@ቀስተ_ደመና ፅፌያለሁ፣ የአስተናጋጃችንንና የረዳቱንም ስም ፅፌያለሁ @ሰማያዊ_ሸራ እንዳልከው። እናቴ ራሷ ናት ፊደል በፊደል ያስነገረቻቸው እንዳይሳሳት ብላ።

መልህቅ፦
እሰይ ልጄ። ወንድምሽስ 2:30 አልቀረበትም?

የመጀመሪያ_ጉዞ፦
ጋሽ መልህቅ እሱ ከሚስቱ ጋር አንድ ምሽት ብቻ 2:30 ላይ ሁለታቸው ለብቻቸው ሄዱ፣ ልጃቸው ከኛ ጋር በላ። በጣም ወደውታል፣ ፀጥ ያለ ነው ብለዋል። ሌሎቹን ምሽቶች ከኛ ጋር ነበሩ።

አዲስ_ነኝ፦
እኛ ደግሞ አስር ነን፣ የኖርዌይ ፊዮርዶች፣ በሐምሌ። የመጀመሪያውን ዙር ነው የሰጡን፣ ሁለት ወደብ ላይ መነሻው 2 ሰዓት ማታ ነው። እንቀይር?

መልህቅ፦
ሁሉንም የመነሻ ሰዓት ፃፍልኝና እንየው። ቡኪንጋችሁ ስንት ነው?